አሥራ ዘጠኝ ቀዳዳ

ሐሙስ ጥር ስምንት ቀን ጠዋት፣ የጎንደር ሰው ነጠላውን እያጠበ ለጥምቀት ሲሰናዳ፣ በመርማሪው በመቶ አለቃ አድማሴ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የላስቲክ ክዳን ተቀመጠች። ከሽምብራ ብዙም የማትበልጥ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ናት። መቶ አለቃው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባሳለፈው የፖሊስነት ዘመን የተሰረቀ በቅሎ፣ የተሰረቀ ጠበንጃ፣ አንድ ጊዜም የተሰረቀች ሙሽራ ፈልጎ አግኝቷል። ክዳን ይዞ ለአቤቱታ የመጣበት ሰው ግን አልነበረም።

ያመጣት ዶክተር ሊንድ የሚባል ስዊድናዊ ነው። ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ሆስፒታል የአራስ ልጆችን ክፍል የሚመራው እሱ ነበር። አማርኛ ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ቄስ ሲሆኑ፣ ቄሱ ፈረንጁ ባለጌ እንዳይሆንባቸው ሰግተው "አንተ" እና "አንቺ" የሚባለውን ጨርሰው ሳይነግሩት ቀሩ። ስለዚህ ዶክተሩ ውሻውን እንኳ "ይቀመጡ" እያለ ነበር የሚያዘው።

"ወደ መስኮቱ ይያዟትና ይቁጠሩ" አለ።

አድማሴ ክዳኗን ወደ ብርሃን አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ላስቲኳ በመርፌ ተበሳስታ ወንፊት መስላለች። አሥራ ዘጠኝ ቀዳዳ ቆጠረ። አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። ያው አሥራ ዘጠኝ ነው።

ዶክተሩ ነገሩን አስረዳው። ፔኒሲሊን በብልቃጥ ሲመጣ ዱቄት ነው። በመርፌ ውሃ ይጨመርበታል፤ ይህ አንድ ቀዳዳ ነው። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ለታመሙት ሦስት ሕፃናት ጠዋትና ማታ ይቀዳል፤ ይህ ስድስት ነው። ሰባት መሆን የሚገባው ቀዳዳ አሥራ ዘጠኝ ከሆነ፣ አንድ እጅ መድኃኒቱን እየቀዳ ያወጣል፣ በምትኩም ውሃ ይሞላበታል ማለት ነው። ፔኒሲሊን በገበያው እንዴት እንደሚፈለግ አድማሴ ያውቃልና ጥርጣሬው ከንቱ አልመሰለውም።

ሦስቱ ሕፃናት ከገና ጀምሮ እትብታቸው መግል ቋጥሮ በትኩሳት ይነድዳሉ። ማክሰኞ ዕለት ዶክተሩ ራሱ ከመድኃኒት ቤቱ ሣጥን አዲስ ብልቃጥ አውጥቶ በገዛ እጁ ሙሉውን መጠን ወጋቸው። ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ሌባው ሣጥኑ ውስጥም ገብቷል ብሎ ፈራ።

"ሌላ መድኃኒት የለዎትም?" አለው አድማሴ።

"አንዲት አለች፤ ለሦስቱ ብቻ የምትበቃ። ግን አዲስ ናት። ለአራስ ልጅ ምን ያህል እንደሚሰጥ ገና በቅጡ አልታወቀም፤ ብሳሳት ልጎዳቸው እችላለሁ። እሑድ ደግሞ በአውሮፕላን ሌላ ፔኒሲሊን ይመጣልኛል። የእስካሁኑ ውሃ ከነበረ የሚመጣው ያድናቸዋል። የእስካሁኑ ደህና ከነበረ ግን የሚመጣውም አይረባቸውም፤ አዲሷን መስጠት አለብኝ። እሑድ አንዱን እመርጣለሁ። የትኛውን እንደምመርጥ የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። እሳቸው ከእሑድ በኋላ አይጠብቁንም።"

"እሳቸው ማን ናቸው?"

"ሰጠኝ። ከሦስቱ በጣም የታመሙት። የአሥራ ሦስት ቀን ሰው ናቸው" አለ ዶክተሩ፣ ፈገግ ሳይል።

*

የጣቢያው አዛዥ ሻለቃው ነገር ማርዘም አይወዱም። "ቁልፍ የያዘ ነው ሌባው" ብለው የመድኃኒት ቤቱን ጠባቂ አቶ ዋኘውን ከቀትር በፊት አሳሰሩት። አድማሴ በበኩሉ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚል ሰው ቢሆንም፣ አንድ ሰው ብቻ መጠርጠርን ከስንፍና ይቆጥረው ነበር።

አቶ ዋኘውን እስር ቤት ሄዶ ሲያነጋግረው፣ ሽማግሌው የተቆጣው በመታሰሩ አልነበረም። ቁልፉን ከማተቡ ላይ ስለፈቱበት ነው። ሕጌ አንድ ነው አለ፤ ባዶ ብልቃጥ ካልገባ ሙሉ ብልቃጥ አይወጣም። የገባውን ባዶ ሁሉ ከነክዳኑ በሳምንት በሳምንት በፈትል አስሮ በስፌት እንቅብ አኑሮታል። "ሂድና ቁጠር፤ አንዲት ከጎደለች እዚሁ አርጅቼ ልቅር" አለው።

አድማሴ ሄዶ ቆጠረ። አንዲት አልጎደለችም። ዶክተሩ ያዘዘውና ዋኘው የሰጠው እኩል ነው። ከዚያ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እየያዘ ቀዳዳቸውን ጻፈ። የኅዳሮቹ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፤ የታኅሣሦቹ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት፤ የሰሞኑ አሥራ ዘጠኝ። ሁሉም ለሁለት ሲካፈሉ አንድ የሚተርፋቸው ቁጥሮች ናቸው። ነገሩ ከነከነው፤ ሌባ እንዲህ በሥርዓት አይቀዳም። ግን ምን እንደሆነ ስላልገባው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የአራሶቹ ክፍል ነጭ የተቀባ፣ ፀሐይ የሚገባበት ረጅም ቤት ነው። ዘጠኝ አልጋ፣ ዘጠኝ እናት፣ ዘጠኝ ሕፃን አለበት። አድማሴ የስድስት ልጆች አባት ስለሆነ ከገባ ጊዜ ጀምሮ የሚያለቅስ ሕፃን አንስቶ እያባበለ ነበር ሰው የሚጠይቀው። መርማሪ ነው ተብለው የተሸበሩት እናቶች ይህን አይተው ትንሽ ፈታ አሉ። ፈታ ቢሉም ታዲያ አልተናገሩም። መድኃኒት የሚቀዳ ባዕድ አይታችኋል ቢላቸው፣ ስምንቱ "እኛ የባላገር ሰዎች ምን እናውቃለን" አሉት፤ ልክ አብረው ያጠኑት ይመስል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

እናኑ የምትባለው የጠዳ ሴት፣ ልጇ ምንም ሕመም የሌለበት ድንቡሽቡሽ ነው፣ ጨርቅ ስትለውጥለት አድማሴ በጭኑ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አየ።

"ይህ ምንድነው?"

"ቁንጫ ነዋ ጌታው" አለች እናኑ፣ ጨርቁን ቶሎ እየጠቀለለች።

አድማሴ ቁንጫን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነውና አመናት። በኋላ ራሱን የወቀሰው በዚህች ነው።

ከጥግ ያለችው ዘጠነኛዋ እናት ሽታዬ ናት። ከማክሰኝት በላይ ካለ ቀበሌ ባሏ በቃሬዛ ነው ያመጣት። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራለች። ሦስተኛውን ገና ሲወለድ ሰጠኝ አለችው። ልጁ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ ጡት ቢያቀርቡለት ከንፈሩን አያንቀሳቅስም።

"ሌባውን ብትይዙትም ባትይዙትም ለኔ ምኔም አይደል" አለችው ቀስ ብላ። "ለአርባው ያድርሱልኝ። ስሙ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይጠራ፤ ሌላ አልለምንም።"

አድማሴ ይህን እንደማይችል እያወቀ እሺ አላት።

ክፍሉን የምታስተዳድረው ረዳት ነርሷ አመተ ሥላሴ ናት። የቀሐ ኢየሱስ ቄስ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀልጣፋ፣ ሥራው ሁሉ በእጇ የሚያምር ሴት። እናቶቹ እንደ እህታቸው ያዩዋታል። አድማሴ መርፌውን የምትወጊ አንቺ ነሽና ምን ትያለሽ ቢላት፣ ዓይኗን ሳትሰብር "ከዚህ ቤት አንዲት ጠብታ አላወጣሁም፤ ማተቤን ይበጥሰው" አለችው። ብዙ ሲዋሹ የሰማ ጆሮው ይህ ውሸት እንዳልሆነ ነገረው። እውነትም ውሸት አልነበረም።

*

መድኃኒቱ ውሃ ይሁን አይሁን የሚለየው ዘዴ የተገኘው በአድማሴ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በረዳቱ በአሥር አለቃ አላምረው መቀመጫ ላይ ነው። አላምረው ሽፍታ ፍለጋ ሁለት ሳምንት በበቅሎ ሲንከራተት ከርሞ፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ብጉንጅ ወጥቶበት፣ ቆሞ ይበላ፣ ቆሞ ይጽፍ ነበር። አድማሴ ሐሙስ ማታውን ወደ ሆስፒታሉ ወሰደውና፣ ከዚያው ከተጠረጠረው ሣጥን አንድ ብልቃጥ አውጥተው እንዲወጉት ዶክተሩን ለመነ። ውሃ ከሆነ ብጉንጁ እንዳለ ይቆያል፤ መድኃኒት ከሆነ ይሟሽሻል።

"እኔ ለመንግሥት ደሜን ላፈስ ነው የማልሁ" አለ አላምረው ሱሪውን እየፈታ፤ "እንዲህ ያለውን ግን መሐላው ላይ አላነበቡልኝም።"

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አድማሴ እንደገና እየዞረ ጠየቀ፤ አዲስ ነገር አላገኘም። ቅዳሜ ጠዋት በከተራው ገበያ አያ ቢያዝንን ፈልጎ ሄደ። አያ ቢያዝን በጣሊያን ጊዜ ከወታደር ሐኪም ጋር ውሃ ሲቀዳ ቆይቶ መርፌ መውጋት የለመደ፣ አሁን በገበያ መሐል ከበርበሬ ተራ ጎን ድንኳን ተክሎ "የአስመራ መርፌ" የሚወጋ ሰው ነው። ገበሬው ምን ቢያመው ወደሱ ነው። ቦርሳውን ቢፈትሹት ስድስት ብልቃጥ ፔኒሲሊን ተገኘ፤ የአድማሴም ልብ ዘለለ።

ደስታው ግን አልቆየም። ብልቃጦቹ የሌላ አገር ጽሑፍ አላቸው፤ ክዳናቸውም ሰማያዊ ነው፣ የሆስፒታሉ ግን ቀይ ነበር። አያ ቢያዝን ከአስመራ መኪና ሾፌሮች እንደሚገዛው ሳይደብቅ ተናገረ። ከኅዳር እስከ ገና ደግሞ ጎንደር አልነበረም፤ ማክሰኝት ታሞ እህቱ ቤት ተኝቶ ነው የከረመ።

"ምን አሞህ?" አለው አድማሴ።

"መርፌ አብጦብኝ" አለ አያ ቢያዝን፣ አፍሮ መሬት መሬት እያየ። "ራሴን ወግቼ።"

አድማሴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ብልቃጦቹን ወርሶ፣ እንዲህ ያለ ሥራህን ሰኞ መጥተህ ታስረዳለህ ብሎት ሄደ። ወደ ጣቢያው ሲመለስ አላምረውን ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። እግሩን አንፈራጦ፣ በደስታ ነበር የተቀመጠው። ብጉንጁ ሟሽሾ የሽምብራ ያህል ቀርቷል።

አድማሴ ወደ ዶክተሩ ሮጠ። ዶክተሩ ሰምቶ ግንባሩን አሸ። ያ ብልቃጥ ደህና ነበር ማለት ነው አለ፤ ሌሎቹም ደህና ነበሩ ለማለት ግን አይቻልም። ሌባ ግማሹን ነክቶ ግማሹን ሊተው ይችላል። "ማን እንደቀዳና ውሃ እንደጨመረ ካላወቅሁ፣ ነገ የምመርጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እሳቸው ዛሬም አልጠቡም።"

*

እሑድ ጥምቀት ነበር። አድማሴ ሥነ ሥርዓት ለማስከበር ከንጋት ጀምሮ ከቀሐ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆሟል። ሕዝቡ አጥር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ የዛፉ ሥር ላይ ሰፍሯል። ውሃው ተባርኮ ካህናቱ መርጨት ሲጀምሩ ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ "ለኔም፣ ለኔም" አለ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ከፊት ያሉት ብቻ እንዳይረጩ ውሃውን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይበትኑታል። ከአድማሴ ጎን ሕፃን ያዘለች ሴት ልጇን ወደ ላይ አነሳችው። አንዲት ፍንጣቂ ግንባሩ ላይ አረፈች።

"በቃው" አለች ሴትዮዋ ደስ ብሏት። "ጠበል ጥቂት ብዙ የለውም፤ ጠብታ ከደረሰው ደረሰው ነው።"

አድማሴ የሴትዮዋን ፊት እያየ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣ። አሥራ ዘጠኝ። አንዷ ውሃ የገባችባት ናት። የቀሩት አሥራ ስምንት፤ ጠዋት ዘጠኝ፣ ማታ ዘጠኝ። በክፍሉ ያሉት ሕፃናት ስንት ናቸው? የታመሙት ሦስት ናቸው። ሁሉም ግን ዘጠኝ ናቸው። የእናኑ ልጅ ጭን ላይ ያለችው ቁንጫም ቁንጫ አይደለችም።

ሥነ ሥርዓቱን ለአላምረው ትቶለት፣ ሰው እየገፋ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። ሆስፒታሉ ደርሶ መጀመሪያ የወሊድ መዝገቡን አስከፈተ። ቀዳዳው አሥራ አንድ በነበረበት ሳምንት በክፍሉ አምስት ሕፃናት ነበሩ። አሥራ አምስት በነበረበት ሳምንት ሰባት። አንድም የሚያፈነግጥ የለም።

አመተ ሥላሴን ያገኛት የሕፃናት ጨርቅ ስታጥብ ነው። ዶክተሩም ሁለቱን መድኃኒቶች፣ ከአውሮፕላን የመጣውንና አዲሷን፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"ሰረቅሽ አልልሽም" አላት አድማሴ። "ለዘጠኙም አከፋፈልሽው፤ አይደል?"

እጇን ከውሃው አወጣች። አልካደችም፤ እንዲያውም የተገላገለች መሰለች።

"ኅዳር ላይ ሁለት ሕፃናት ጎን ለጎን ተኝተው ነበር" አለች። "አንዱ ታሞ ይወጋል፤ ሌላው ደህና ነው ተብሎ አይወጋም። ያ ደህናው በድንገት ታሞ አመለጠን። እናቱ አልሰደበችኝም። 'ለኔ ልጅ ጠብታ አጣሽለት' ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በኔ እጅ ማንም አይቀርም ብዬ ማልሁ። የታመሙትን ድርሻ ለሁሉም አብቃቃሁት። እናቶቹም ያውቃሉ፤ ለኔ ብለው ነው የደበቁት። አባቴ ሲረጭ ጥቂት ብዙ የለውም ይላል። መድኃኒትም ከእግዜር ነውና እንደዚያው መሰለኝ።"

"ውሃ ጨምረሽበታል? ጎድሎ እንዳይታይ ብለሽ?"

"ምን ቆርጦኝ። መጀመሪያ ከሚሟሟበት በቀር አንዲት ጠብታ አልጨመርሁም። ሣጥኑንም አልነካሁም።"

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሊቆጣ ነው ብሎ አድማሴ ሲጠብቅ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ጀርም በሙሉ ኃይል ከተመታ ይሞታል አለ። በትንሹ ከተነካካ ግን ደካማው ይሞትና ጠንካራው ይተርፋል፤ የተረፈው ይወልዳል፤ ልጆቹም ፔኒሲሊንን አይፈሩም። ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ያለው ጀርም በዚህ ክፍል ውስጥ በእጅና በጨርቅ ካንዱ ሕፃን ወዳንዱ ሲሻገር ከርሟል። ስለዚህ ነው ደህናው ፔኒሲሊን በሙሉ መጠን ቢሰጥም ያልሠራው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለጀርምም መሆኑን አድማሴ ያን ዕለት ተማረ።

"የአላምረው ብጉንጅ ታዲያ ለምን ተሻለው?"

"የእሳቸው ጀርም ከበቅሎ ኮርቻ የመጣ ነው" አለ ዶክተሩ። "ፔኒሲሊን አይተው አያውቁም።"

ይህን ብሎ ከአውሮፕላን የመጣውን ወደ ጎን ገፋና አዲሷን ብልቃጥ አነሳ። የመጀመሪያውን መርፌ ለሰጠኝ ወጋ። ከዚያ አድማሴን ያስደነገጠ ነገር አደረገ። ብልቃጧን ለአመተ ሥላሴ ሰጣት።

"ማታና ጠዋት የሚወጉት እርስዎ ነዎት" አላት። "ለሦስቱ ብቻ። ከዚያ የተረፈ አንዲት ጠብታ ለማንም እንዳይሰጡ። እጅዎንም በሕፃንና በሕፃን መሐል ሁሉ ይታጠቡ።"

ወሬው ለእናቶቹ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወደ ማታ ስድስቱ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በመድኃኒቱ ክፍል በር ላይ ቆሙ። እናኑ ከፊት ናት። ምነው እህቴ፣ እስከ ዛሬ አልለየሽንም፣ አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ነው የምትለዪን አለቻት። አመተ ሥላሴ ጀርባዋን በሩ ላይ አድርጋ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "አልሰጥሽም" አለች። "ልጅሽን ስለምወደው ነው የማልሰጥሽ። የታመመ ቀን ይህ መድኃኒት እንዲሠራለት ነው።" አልገባቸውም፤ አንዷም ረገመቻት። እሷ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። አድማሴ በሕይወቱ ብዙ ጀግና አይቷል፤ ማየቱ እንዲህ የከበደው ጀግንነት ግን አላየም።

በበነጋው አቶ ዋኘው ተፈታ። ቁልፉን ከማተቡ ጋር እስኪያስሩለት ድረስ አልወጣም ብሎ ሻለቃውን አስጠበቃቸው። አድማሴም በሪፖርቱ ላይ "የጠፋ ንብረት የለም፤ የተገኘ ትምህርት አለ" ብሎ ጻፈ። ሻለቃው ሁለተኛውን አሰረዙት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዶክተሩ እጅጌውን እንደ ጠቀለለ ወደ ጣቢያው መጣ። ሰላምታ እንኳ ረስቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ጠቡ" አለ። "ሁለት ጊዜ። አሁንም አልቅሰው ይጠይቃሉ።"

*

ክርስትናው በየካቲት መጀመሪያ፣ ልጁ አርባ ቀን ሲሞላው፣ ማክሰኝት አጠገብ ባለው ቀበሌ ሆነ። ሌሎቹ ሁለት ሕፃናትም ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ሽታዬ ያልጠራችው ሰው የለም። አላምረው በበቅሎ መጣ፤ ኮርቻው ላይ ግን የበግ ለምድ ደርቦ ነበር። እናኑም ልጇን ይዛ ከጠዳ መጥታለች፤ ከአመተ ሥላሴ ጋር ከታረቀች ሰንብታለች።

የሽታዬ ባል እንግዳውን ሁሉ አስቀምጦ ትልቁን ድፎ ሲያመጣ፣ ይቁረሰው ማን ነው ተባለ። ሽታዬ አመተ ሥላሴን ጠቆመች። አመተ ሥላሴ ቢላዋውን ይዛ፣ ሰውን በዓይኗ ቆጥራ፣ ወደ አድማሴ ዞረች።

"ይህንንስ ለሁሉም ባከፋፍል ያስሩኛል?"

"ለኔ ካላደረስሽ ነው የማስርሽ" አላት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳቦው ተቆርሶ እስከ በሩ ድረስ ላለው ሰው ደረሰ። ዶክተር ሊንድ የደረሰውን ቁራሽ እንደያዘ ወደ ሽታዬ ጎንበስ ብሎ "እሳቸውስ አይቀምሱም?" አላት።

ሽታዬ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ልጇን አየችው።

"እሳቸውማ ጡት ላይ ናቸው" አለች።